ጨርቁ ከመወጠሩ በፊት፦ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በራስ እጅ መገንባትና ማደስ

ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ተሠርቶ ሲያልቅ ለዓይን የሚቀረው ጨርቁና ቀለሙ ነው። ሸክሙን የሚችለው ግን ከጨርቁ ሥር ያለው እንጨት፣ ቱቦ፣ ሽቦና ኮላ ነው። ያ ደግሞ አንዴ ከተሸፈነ ለብዙ ዓመታት ተመልሶ አይታይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው፦ የሚሸፈን ነገር ሁሉ ሳይሸፈን ይለካ፣ ይፈተሽ፣ ፎቶ ይነሣ፣ በመዝገብ ይጻፍ።

የትኛውን ሥራ ልጀምር?

መንገዱ ሦስት ነው፦ ከፕላን ተነሥቶ ከባዶ መሥራት፣ ሌላው ጀምሮ የተወውን መጨረስ፣ ወይም በርሮ የቆመ አሮጌ አውሮፕላን ማደስ። ከባዶ የሚሠራ ሰው ከ2,000 እስከ 4,000 የሥራ ሰዓት ይጠብቀዋል። በሳምንት 8 ሰዓት ቢሠሩ 3,000 ሰዓት 7 ዓመት ይፈጃል። ይህን ቁጥር አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሥራዎች መንገድ ላይ የሚቀሩት ባለቤቶቹ ጊዜውን አሳንሰው ስለገመቱ ነው።

ንድፍ ሲመርጡ መልኩን ሳይሆን የሚበሩበትን ሁኔታ ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ የበረረው የከርቲስ ፒትስ አውሮፕላን፣ ፒትስ ስፔሻል፣ ለአየር ላይ ትርኢት የተፈጠረ ነው። ባለ አንድ መቀመጫው ኤስ-1 የክንፍ ስፋቱ 5.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መሪው ለጣት የሚታዘዝ ሲሆን ሲያርፍ ግን ፈጣንና ትዕግሥት የለሽ ነው። በ1968 የበረረው ሃትዝ ሲቢ-1 ደግሞ ሁለት ሰው ይዞ በዝግታ ለመንሸራሸር የታሰበ ለስላሳ አውሮፕላን ነው። በ1970 የበረረው ስቲን ስካይቦልት ሁለት ሰው ይዞ ትርኢት ይሠራል፤ የመጀመሪያው ናሙና የተሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ በተማሪዎች እጅ ነበር። በትጋት የሚማር ጀማሪ ይህን ሥራ መወጣት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የአገርዎን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያነጋግሩ። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ አውሮፕላኑ «በአማተር የተሠራ» እንዲባል አብዛኛው ሥራ ለመማር ወይም ለመዝናናት ብለው በሠሩ ሰዎች መከናወን አለበት። ስለዚህ የተጀመረ ሥራ ሲገዙ ከቱቦውና ከእንጨቱ ጋር የቀድሞውን ሠሪ የሥራ መዝገብ፣ ፎቶዎችና የዕቃ ደረሰኞች ይረከቡ። ወረቀት የሌለው ክንፍ ምን ዓይነት እንጨትና ኮላ እንደተሠራበት ማረጋገጫ የለውም።

አሮጌውን ሲመረምሩ

ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ይግፈፉት። በቀዳዳ እያጮለቁ የሚደረግ ምርመራ ራስን ማታለል ነው። አሮጌ ጨርቅ የተቀባው ናይትሬት ዶፕ የተባለው ጨርቅ ማጠንከሪያ ቅብ ሊሆን ይችላል፤ እሱ እንደ ባሩድ ስለሚነድ በአጠገቡ ግራይንደር አያስነሡ፣ ብየዳም አይበይዱ።

ጭራው መሬት ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ሲቆም ዘንበል ስለሚል ውሃው ሁሉ ወደ ጭራ ይወርዳል። ስለዚህ ከታች በርዝመት የሚሄዱት ሁለቱ ዋና ቱቦዎች፣ ሎንጀሮኖቹ፣ በጭራው በኩል ከውስጥ ይዝጋሉ። የቱቦውን የታችኛውን ፊት በሹል ወስፌ ጠንከር አድርገው ይጫኑ፤ ጤነኛ ቱቦ አይበሳም። በትንሽ መዶሻም ያንኳኩት፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ይደነዝዛል። የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ካገኙ ደግሞ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ይለኩ።

ስፓር፣ ማለትም ክንፉን ከሥር እስከ ጫፍ የሚሸከመው ወጋግራ፣ ሁለት ዓይነት ስንጥቅ ያወጣል። በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው በቀላሉ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ከብሎን ቀዳዳ ይነሣል። አደገኛው ሌላው ነው፤ እንጨቱ ተጨምቆ ጭረቶቹ (የእንጨቱ ክሮች) ሲታጠፉ የሚፈጠረው፣ እንጨቱን በአግድም የሚያቋርጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር። ይህን ለማግኘት ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪውን ከእንጨቱ ፊት ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው አዘንብለው ያብሩ። የሚፈለግበት ቦታም የታወቀ ነው፦ ማጠናከሪያ ኮምፔንሳቶ የሚያልቅበት ጠርዝ፣ የክንፍ ማያያዣ ምሰሶው የሚታሰርበት አካባቢ፣ የክንፉ ሥር። ሪቡን፣ ማለትም የክንፉን ቅርጽ የሚሰጠውን አጥንት፣ ከስፓሩ ጋር ያያያዙት ትናንሽ ምስማሮች ራሳቸው ወጣ ብሎ ወይም ላልቶ ካዩ ስፓሩ ከልክ በላይ ተለምጦ ነበር ማለት ነው። የክንፉ ጫፍ መሬት የነካበት ታሪክ በመዝገብ ካለ፣ ምንም ባይታይም ስፓሩን በጥርጣሬ ይያዙት። አግድም የተሰነጠቀ ስፓር ለጥገና አያደራድርም፤ ይቀየራል።

በብሎን ዙሪያ የጠቆረ እንጨት እርጥበት ገብቶ ከብረቱ ጋር መገናኘቱን ያሳያል። ብሎኑን አውጥተው ቀዳዳውን ይመርምሩ። አሮጌው ኬዚን ኮላ ደግሞ ከወተት የሚሠራ በመሆኑ እርጥበትና ሻጋታ ይበላዋል። ቢላ ሲያስገቡበት እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ ያንን መገጣጠሚያ ብቻ ሳይሆን በዚያ ኮላ የተያያዘውን ሁሉ እንደገና ይሥሩ።

ቱቦና ብየዳ

የአውሮፕላኑ አካል የሚሠራው 4130 ከተባለው ክሮሞሊ የብረት ቱቦ ነው። የተለመደው የግድግዳ ውፍረት 0.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሸክም በሚበዛበት 1.25 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ፕላኑ የጻፈውን አይቀይሩ፤ «ትንሽ ወፈር ቢል ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ጭራውን ያከብደዋል፣ የጭራ ክብደት ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ጎኖቹን አንድ በአንድ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ። ሥዕሉን በሙሉ ልኩ ይሥሉ፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ የእንጨት ኩቦች ይምቱ፣ ቱቦውን በመካከል ያስቀምጡ። ሁለተኛውን ጎን በመጀመሪያው ላይ ደርበው ከሠሩት መንትያ ይሆናሉ። የእያንዳንዱ ቱቦ ጫፍ እንደ ዓሣ አፍ ተሞርዶ በሌላው ላይ ልክ መቀመጥ አለበት፤ ክፍተቱ ከ0.8 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ሰፊ ክፍተት በብየዳ ሲሞላ ሙቀቱ ይበዛል፣ ቱቦው ይጎብጣል፣ ስፌቱም ይሰባበራል።

ሁሉንም መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ብቻ ያያይዙ። ሙሉው አካል ቆሞ ሰያፎቹ ተለክተው እኩል እስኪሆኑ ድረስ የትኛውንም መገጣጠሚያ አይጨርሱ። ሲጨርሱም ከአንድ ጫፍ ተነሥተው በተርታ አይሂዱ፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሁሉንም ወደ ራሱ ይጎትታል። ከፊት አንዱን፣ ከኋላ አንዱን፣ ከግራ፣ ከቀኝ እያፈራረቁ ይሂዱ። ለቲግ ብየዳ (በጋዝ ከለላ ሥር በኤሌክትሪክ ለሚደረገው) የሚመረጠው ሽቦ ኢአር70ኤስ-2 ነው። ከቱቦው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ 4130 ሽቦ መጠቀም ትክክል ይመስላል፣ ግን ከብየዳ በኋላ በሙቀት ካልታከመ ስፌቱ ተሰባሪ ይሆናል። ለስላሳው ሽቦ ሳይሰበር ይለመጣል። በሩን ይዝጉ፤ ነፋስ ወይም ውሃ ያቀዘቀዘው ክሮሞሊ ከስፌቱ ጎን ይሰነጠቃል። ሳይነኩት በራሱ ይቀዝቅዝ።

ከዋናው ሥራ በፊት ቢያንስ 20 የሙከራ መገጣጠሚያ ይበይዱ፤ ግማሹን በመጋዝ ሰንጥቀው የስፌቱን ጥልቀት ይዩ፣ ግማሹን በሞርሳ ይዘው እስኪሰበር ያጥፉት። ቱቦው ከስፌቱ ውጭ ከተቀደደ እጅዎ ደርሷል። ስፌቱ ራሱ ከተከፈተ ገና ነው። ሁለቱም ጫፉ የሚዘጋ ቱቦ ላይ ደግሞ ትንሽ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ይተዉ፤ አለዚያ በውስጡ የሞቀው አየር የመጨረሻውን የቀለጠ ነጥብ እየተፋ አያስዘጋዎትም። ቀዳዳው ብየዳው ሲያበቃ ይደፈናል። ብረቱ በአሸዋ ንፊት በጸዳበት በዚያው ቀን ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። ነጠላ ፕራይመር የጨርቁ ማጣበቂያ ሲነካው ተልጦ ይነሣል፣ ጨርቁም አብሮት።

እንጨትና ኮላ

ለስፓር የሚመረጠው ሲትካ ስፕሩስ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር ጥንካሬው የላቀ ስለሆነ። ዳግላስ ፈር ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ በቀላሉም ይሰነጠቃል። ጣውላውን ሲቀበሉ የሚለኩት እነዚህን ነው፦ የጭረቱ ዘንበልታ ከ1፡15 አይብለጥ፣ ማለትም በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይሽሽ። በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያንስ 6 የዕድሜ ቀለበት ይኑር። እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ይሁን። የጭረቱ አቅጣጫ ካልታየዎት አንድ ጠብታ ቀለም እንጨቱ ላይ ያድርጉ፤ ቀለሙ ጭረቱን ተከትሎ ይሮጣል። በሁለት ጎረቤት ፊቶች ላይ ያድርጉት፤ በአንዱ ፊት ቀጥ ያለ እንጨት በሌላው ሊሸሽ ይችላል።

ሪቦቹ 6 ሚሊ ሜትር በ6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀጭን ስፕሩስ ተሠርተው መገጣጠሚያቸው በ1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ኮምፔንሳቶ በሁለቱም ጎን ይሸፈናል። እንደ ንድፉ ከ30 በላይ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ጥሩ ማስያዣ ሰሌዳ ሠርተው ሥዕሉን በፕላስቲክ ይሸፍኑ፣ ኮላው እንዳይዘው። የአፍንጫውን ጉብታ የሚከተለውን ቀጭን እንጨት በሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ነክረው በቅርጽ ላይ ያጥፉት፤ እስከ ማግስቱ ሳይደርቅ ግን ኮላ አይንካው። የመጀመሪያው ሪብ ሲያልቅ በስፓር ቁራጭ ላይ አሳልፈው ይሞክሩት። ስፓሩ ቫርኒሽ ሲቀባ ይወፍራልና ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ይህን የረሳ ሰው 30 ሪብ በሞረድ ሲያሰፋ ይከርማል።

ኮላን በተመለከተ ሁለት ጠባይ ያላቸውን አያደባልቁ። ቲ-88 ኢፖክሲ በመጠን 1 ለ1 ይቀላቀላል፣ ትንሽ ክፍተት ይሞላል፣ ብዙ ግፊት አይወድም። በክላምፕ ከልክ በላይ ከጨመቁት ኮላው ሁሉ ወጥቶ መገጣጠሚያው ባዶ ይቀራል። ሬዞርሲኖል ተቃራኒው ነው፤ ልክክ ያለ መገጣጠሚያ፣ ከፍተኛ ግፊትና ቢያንስ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። በውሃና በሙቀት ግን አይበገርም። ኢፖክሲ በሙቀት ስለሚለሰልስ ክንፉን በመጨረሻ ነጣ ያለ ቀለም ይቀቡት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ክንፍ ውስጡ ምን ያህል እንደሚግል የነካው ያውቃል።

የሚጣበቀው ፊት በስለታም መላጊያ የተላገ ይሁን። ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ቀዳዳዎች በአቧራ ይደፍናል። በተላገበት ቀን ይጣበቅ፣ በባዶ እጅ አይነካ። በእያንዳንዱ የኮላ ቅልቅል ሁለት ቁራጭ እንጨት አብረው አጣብቀው ቀኑን ይጻፉባቸውና ሲደርቁ በመሮ ይፈልጧቸው። መሰበር ያለበት እንጨቱ ነው። የሚያብረቀርቅ የኮላ ፊት ካዩ በዚያ ቀን የተጣበቀው ሁሉ ይጣል። ያሳዝናል፣ ግን ለዚህ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ስፓር መቀጠል ካስፈለገ ቅጥሉ በ1፡12 ዘንበልታ ይቆረጣል፤ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው እንጨት የዘንበልታው ርዝመት 240 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቅጥሉ የብረት ማያያዣ ከሚታሰርበት ቦታ ይራቅ። በመጨረሻም ሁሉም ቫርኒሽ ይጠጣ፤ በተለይ የተቆረጠው ጫፍና የብሎን ቀዳዳ ውስጡ። ውሃ በዋናነት የሚገባው በጎን ሳይሆን በጫፍ ነው።

ክንፉን በሰያፍ ማቀናት

ሪቦቹ ስፓሩ ላይ ከተሰለፉ በኋላ ክንፉ ገና እንደ ልል ሳጥን ይወላገዳል። ቀጥ የሚያደርጉት በሁለቱ ስፓሮች መካከል በመስቀል የተወጠሩት የውስጥ ሽቦዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ስፓር መካከለኛ መስመር ላይ ሁለቱን ስፓሮች አራርቀው ከሚይዙት መጭመቂያ ምሰሶዎች ትክክል ነጥብ ያኑሩ። ሁለት ሹል ጫፍ ያለው ረጅም የእንጨት መለኪያ ይሥሩ፤ የሜትር ጥቅል ይለጠጣል፣ ይንሸራተታልም። ከክንፉ ሥር ጀምረው በየክፍሉ ሁለቱን ሰያፎች እኩል ያድርጉ፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ውጥረቱ እኩል መሆኑን ሽቦውን እንደ ክራር መትተው በድምፁ ያመዛዝኑ። ሽቦዎቹ ሲተላለፉ እንዳይፋጩ በመገናኛቸው ላይ ይታሰሩ። ስፓሮቹ ላይ በሥርም በጫፍም ውሃ ልክ አስቀምጠው ክንፉ አለመጠምዘዙን ያረጋግጡ።

ብሎንና የመሪ ኬብል

የአውሮፕላን ብሎን እንጂ ከመኪና መለዋወጫ የመጣ ብሎን አይግባ። ጥርሱ በብረቱ ውስጥ ሆኖ ሸክም መያዝ የለበትም፤ ሸክሙ ለስላሳው አንገት ላይ ይረፍ፣ ርዝመቱ በሮንዴላ ይስተካከል። የማጥበቂያ ልኩ (ኤኤን የአውሮፕላን ብሎን መለያ ሲሆን ቁጥሩ ውፍረቱን ያሳያል) ለኤኤን3 ከ2.3 እስከ 2.8፣ ለኤኤን4 ከ5.6 እስከ 7.9፣ ለኤኤን5 ከ11.3 እስከ 15.8 ኒውተን ሜትር ነው። በእንጨት ላይ ሲሆን ግን ከቁጥሩ ይልቅ እንጨቱ ይሰማ፤ ሮንዴላው መስመጥ ሲጀምር ያቁሙ። የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ላይ የናይለን ዳዶ አይግባ፤ ባለ ቀዳዳ ብሎንና ኮተር ፒን ይሁን። በሞተሩ ክፍል ውስጥም ናይለን ይቀልጣል።

የመሪ ኬብል ሲታሰር ጫፉ ቲምብል በተባለ የብረት ቀለበት ላይ ዞሮ በመዳብ እጅጌ ይጨመቃል፤ እያንዳንዱ እጅጌ በራሱ መለኪያ ይፈተሽ። የኬብሉን ውጥረት የሚያስተካክለው ተርንባክል ሲጠብቅ ከበርሜሉ ውጭ ከ3 ጥርስ በላይ አይታይ፣ ከዚያ በማሰሪያ ሽቦ ይቆለፍ። አሮጌ ኬብልን በጨርቅ ይዘው ይሳቡት፤ የተበጠሰ የሽቦ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። መዘውር የሚያልፍበትን ቦታ በተለይ ይመርምሩ።

ሳይሸፈን ሙሉ በሙሉ መገጣጠም

ይህን ደረጃ መዝለል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ አይዝለሉት። ጨርቅ ከለበሰ በኋላ 5 ሚሊ ሜትር የሳተ ማያያዣ ማግኘት አዲስ ክንፍ እንደ መሥራት ነው። ከመሬት የሚያነሣው ሽቦ እና መሬት ላይ የሚያገለግለው ሽቦ ለየቅል መሆናቸውን ይያዙ፤ ከታች ወደ ውጭና ወደ ላይ የሚሄደው የበረራ ሽቦ በአየር ላይ የክንፉን ኃይል ይይዛል፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የማረፊያ ሽቦ ደግሞ አውሮፕላኑ ሲቆምና ሲያርፍ የክንፉን ክብደት ይሸከማል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. አካሉን በርዝመትም በጎንም በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ ጎማው ላይ ሳይሆን በማይንቀሳቀስ ድጋፍ ላይ።

2. የላይኛውን ክንፍ መካከለኛ ክፍል አስቀድመው ይሥሩ። በቱምቢ ከአካሉ መካከለኛ መስመር ጋር ያስተካክሉ፣ ሰያፎቹን ይለኩ። ይህ ከተጣመመ የቀረው ሁሉ ይጣመማል።

3. ክንፎቹን ሰቅለው በማረፊያ ሽቦዎቹ የክንፉን የላይ ቅናት፣ ማለትም ጫፉ ከሥሩ ከፍ የሚልበትን ዝንባሌ፣ ፕላኑ በሚለው ዲግሪ ያውጡ።

4. ከላይኛው ክንፍ የፊት ጠርዝ ቱምቢ ወደ ታች ጥለው የታችኛው ክንፍ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሸሸ በየምሰሶው ይለኩ። ግራና ቀኝ አንድ ይሁን።

5. የክንፎቹን የመቀመጫ አንግል በዲጂታል የዲግሪ መለኪያ በሥርም በጫፍም ይፈትሹ። እኩል ካልሆነ አውሮፕላኑ በአንድ ጎን ይከብዳል።

6. የበረራ ሽቦዎቹን አሁን ያጥብቁ፣ በሁለቱም ጎን በእኩል ዙር። ከዚያ ቁጥር 3ን፣ 4ንና 5ን እንደገና ይለኩ፤ መለወጣቸው አይቀርም።

7. ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ጭራው ቋሚ ያለውን ርቀት ይለኩ። ግራና ቀኝ ከተለያዩ ወደ ቁጥር 2 ይመለሱ።

የሽቦዎቹ ሁለት ጫፍ ጥርስ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የተቆረጠ ስለሆነ ሽቦውን ራሱን ሲያዞሩ ይጠብቃል። በፒንሳ ግን በፍጹም አይያዙት። ትንሽ ጭረት የስብራት መነሻ ናት፤ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው የጠንካራ እንጨት ቁልፍ ይሥሩለት። ጥርሱ በማያያዣው ውስጥ በቂ ርቀት መግባቱን በመፈተሻ ቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አስገብተው ያረጋግጡ፤ ካለፈ ጥርሱ አልደረሰም። ቀጭኑ ጠርዝ ከነፋሱ ጋር ይቅና። ሽቦዎቹ በሚተላለፉበት ቦታ አንድ ላይ የሚይዛቸው ዘንግ ካልገባ በአየር ይንቀጠቀጡና በድካም ይበጠሳሉ።

ሁሉም ሲያልቅ ፎቶ አንሥተው መርማሪ ይጥሩ። ከዚያ ወዲያ ነው ጨርቅ የሚታሰበው።

ጨርቅ

የዛሬው ጨርቅ ፖሊስተር ነው፤ አየር ላይ ውሎ አይበሰብስም፣ ፀሐይ ግን ይገድለዋል። መጀመሪያ ሹል ጠርዝ፣ የምስማር ራስና የሪቬት ራስ ሁሉ በመከላከያ ጥብጣብ ይሸፈን። ጨርቁ ዳር ዳሩን በማጣበቂያ ይያዝ፤ በፊት ጠርዝ ላይ ሁለቱ ጨርቆች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይደራረቡ። ከዚያ በካውያ ይወጠራል፦ መጀመሪያ በ120፣ ቀጥሎ በ150፣ በመጨረሻ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። የካውያው መደወያ የሚለውን አይመኑ፤ በቴርሞሜትር ለክተው ቦታውን በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከ175 ዲግሪ በላይ የጋለ ጨርቅ ውጥረቱን ያጣል፣ ተመልሶም አይወጠርም። የላዩንና የታቹን ፊት እያፈራረቁ ይተኩሱ፤ አንዱን ብቻ ከወጠሩ ቀጭኑ የኋላ ጠርዝ ይጎብጣል።

ቀጥሎ ጨርቁ ከሪቡ ጋር በሰም በተነከረ ክር ይሰፋል። በክንፉ ላይ ያለው አየር ጨርቁን ወደ ላይ ይስባል፤ ስፌት ከሌለ ጨርቁ እንደ ፊኛ ይነፋና የክንፉ ቅርጽ ይጠፋል። ርቀቱን ፕላኑና የጨርቁ መመሪያ እንደ ፍጥነቱ ይወስናሉ። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይጠጋል። ከክሩ ሥር ማጠናከሪያ ጥብጣብ ይግባ፣ አለዚያ ክሩ ጨርቁን ይቆርጠዋል። ቋጠሮው የማይንሸራተት ይሁን፤ አንዱ ቢበጠስ ጎረቤቱ ጸንቶ እንዲቆይ።

የመጀመሪያው ቅብ ጨርቁን ዘልቆ ክሩን እንዲያቅፍ በብሩሽ ይቀባ። ከዚያ በሪቦቹና በጠርዞቹ ላይ መሸፈኛ ጥብጣብ፣ በየክፍሉ ዝቅተኛ ቦታ የውሃ መውጫ ቀለበት፣ በየመዘውሩና በየማያያዣው ትይዩ የመፈተሻ ቀለበት ይለጠፋል። ውሃ መውጫ የሌለው ክንፍ ስፓሩን በራሱ ውሃ ያበሰብሳል። የብር ቀለም ያለው አሉሚኒየም ቅብ ደግሞ ለውበት አይደለም፤ ጨርቁን ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። በክንፉ ውስጥ አምፖል አብርተው ከውጭ ብርሃን እስከማይታይ ድረስ ይደረብ። የማጣበቂያውና የቅቡ ጭስ ይነዳል፣ ይመርዛልም። ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ቀለም አይሶሳያኔት ስላለው ተራ ማስክ አይበቃውም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ይጠቀሙ።

ሞተርና ነዳጅ

ለቀላል ንድፎች ኮንቲኔንታል ሲ-85፣ ለከባዶቹ ላይኮሚንግ ኦ-320 ወይም ኦ-360 የተለመዱ ናቸው። ለዓመታት የቆመ ላይኮሚንግ ሲገዙ አንድ ሲሊንደር አስወርደው ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ይዩ። ከክራንክሻፍቱ በላይ ስለተቀመጠ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ይወርዳል፣ ዝገትም መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ፕሮፔለሩ መሬት የመታ ሞተር ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ካልተመረመረ አይገጠም። የጎማ ቱቦዎቹ ጥሩ ቢመስሉም ሁሉም ይቀየሩ።

ነዳጅ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ፍሰቱ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ከሚጠጣው 150 በመቶ መሆን አለበት። 150 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሰዓት 52 ሊትር ያህል ይጠጣል እንበል፤ ስለዚህ መስመሩ በሰዓት 78 ሊትር፣ በደቂቃ 1.3 ሊትር ማፍሰስ አለበት። አፍንጫውን በሚወጣበት አንግል ቀና አድርገው፣ ታንኩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ብቻ አስቀርተው፣ ከካርቡሬተሩ ጫፍ በባልዲ ይለኩ። ደረጃው ካልሞላ መጀመሪያ የታንኩን አየር ማስገቢያ ይፈትሹ። አሮጌ ታንክ ከውስጥ በማሸጊያ የተለበጠ ከሆነ ኤታኖል ያለው ነዳጅ ያሟሟውና ወንፊቱን ይደፍናል።

ክብደትና ሚዛን

ሦስት ሚዛን በሦስቱ ጎማ ሥር ያድርጉ፣ አውሮፕላኑን በበረራ አቋሙ በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ ርቀቱን ሁሉ ከሞተሩ ኋላ ካለው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ይለኩ። ምሳሌ እንውሰድ። ሁለቱ ዋና ጎማዎች 428 ኪሎ ግራም በ0.40 ሜትር፣ የጭራው ጎማ 22 ኪሎ ግራም በ4.70 ሜትር ላይ ቢሆኑ፦ 171.2 ሲደመር 103.4 እኩል ነው 274.6፤ ለ450 ሲካፈል የባዶው ሚዛን 0.61 ሜትር ላይ ያርፋል። 80 ኪሎ ግራም አብራሪ በ1.60 ሜትር፣ 50 ኪሎ ግራም ነዳጅ በ0.50 ሜትር ሲጨመሩ ድምሩ 427.6 ለ580፣ ማለትም 0.74 ሜትር ይሆናል።

አሁን ነዳጁ አልቆ ያሰሉት፤ 402.6 ለ530፣ 0.76 ሜትር። ሚዛኑ ወደ ኋላ ሸሸ። ስለዚህ ሲነሡ ብቻ ሳይሆን ባዶ ታንክ ይዘው ሲያርፉም በልኩ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ኋላው የከበደ አውሮፕላን ከሽክርክሪት ላይወጣ ይችላል። በሒሳቡም ትንሿ ግራም ጭራው ላይ ያላትን ጉልበት ይዩ፤ 4.70 ሜትር ላይ የተጨመረ 1 ኪሎ ግራም የባዶውን ሚዛን 9 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል።

ከመጀመሪያው በረራ በፊትና በኋላ

መሪውን ወደ ግራ ሲገፉ የግራው ኤለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች መሄድ አለበት። «መንቀሳቀሱን» ሳይሆን «አቅጣጫውን» ጮክ ብለው እየተናገሩ ያረጋግጡ፣ ሥራውን ያልሠራ ሌላ ሰውም ለብቻው ይድገመው። ኬብል ተገልብጦ የታሰረባቸው አውሮፕላኖች ሰው ገድለዋል፤ ጥገናውን የሠራ ሰው ደግሞ ማየት የሚጠብቀውን ነው የሚያየው። አብራሪው ጭራው መሬት በሚያርፍ አውሮፕላን ልምድ ያለው ይሁን፤ መሬት ላይ አፍንጫው መንገዱን ይሸፍናል፣ ጭራውም ከፊቱ ለመቅደም ይሻል። በአሜሪካ የሙከራ በረራው ጊዜ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ማረጋገጫ 25 ወይም 40 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ያለ ተሳፋሪ ይብረሩ።

የመጀመሪያው በረራ እንዳበቃ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ፣ እንደገናም ከ10 ሰዓት በኋላ የበረራና የማረፊያ ሽቦዎቹን ውጥረት ይለኩ፣ የመቆለፊያ ዳዶዎቹን ይፈትሹ፤ አዲስ መገጣጠሚያ ይቀመጣል፣ ሽቦም ይላላል። የስፓር ብሎኖችን ግን የመጀመሪያው ደረቅ ወራት ካለፈ በኋላ በመፈተሻ ቀለበቶቹ በኩል እንደገና ይንኳቸው፤ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ከሮንዴላው ሥር ክፍተት ይፈጠራል።